ገበያ ያልወጣ መሐለቅ

አባቶቻችን የሰውን ምግባር በሦስት ከፍለው ያስተምራሉ፤ በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር። ንስሐ የሚገባ ምእመን በካህኑ ፊት ሲቆም የሚናዘዘው በእነዚህ በሦስቱ ነው፤ ጸሎት የሚያደርስም ሰው ይቅርታ የሚለምነው ስለ ሦስቱም ነው። እጅ የሠራው እንደሚያስጠይቅ፣ አንደበትም የተናገረው እንደሚያስፈርድ ማንም ሳይከራከር ይቀበላል። ነገር ግን ኅሊና ያሰበው፣ ማሰብም ብቻ ሳይሆን እጅና መሣሪያ ሰጥቶት፣ ሌሊትና ቀን ደክሞበት፣ መልክና ቅርጽ አውጥቶለት ሲያበቃ፣ ከፍጻሜው ደጃፍ ላይ ደርሶ የተመለሰው ነገር ከሦስቱ ከየትኛው እንደሚቈጠር ለመናገር እጅግ ያስቸግራል። ኀልዮ ብቻ ነው እንዳይባል በግዙፍ አካል ተሠርቷል፤ ገቢር ነው እንዳይባል የተሠራለትን ግብር አልፈጸመም።

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አውጥቶ በመዳፍ ላይ የሚያኖረው፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ የናሙና ገንዘብ ነው። አንድ መንግሥት አዲስ ገንዘብ ሊያወጣ ሲያስብ አስቀድሞ ቀራጺው ከጽኑ ብረት ማኅተም ይቀርጻል፤ በዚያም ማኅተም ጥቂት ፍሬ ከብር፣ ከመዳብ ወይም ከሌላ ማዕድን ተመትቶ ለንጉሡ ወይም ለገንዘብ ሚኒስትሩ ይቀርባል፤ የወደዱት እንደ ሆነ በአእላፍ ተባዝቶ ወደ ሕዝብ ይወጣል፤ ያልወደዱት እንደ ሆነ፣ ወይም በመካከል ዘመኑ የተለወጠ እንደ ሆነ፣ ያ ጥቂቱ ፍሬ ተመልሶ ወደ እሳት እንዲገባ ይፈረድበታል። ከእሳቱ ያመለጠውን እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ዕድሜያቸውንና ጥሪታቸውን የሚያፈሱበትም ይህ ዳቦም ጨውም ገዝቶ የማያውቅ ገንዘብ ነው። የመሐለቅ ግብሩ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ነውና፣ ከቶ ያልተላለፈው መሐለቅ ህላዌው ምንድር ነው? የሰብሳቢውስ ድካም ትጋት ይባላልን ወይስ ፍቅረ ንዋይ? ሁለቱ ጥያቄዎች ከአንድ ሥር የበቀሉ ይመስሉኛልና አንዱን ከሌላው ሳልነጥል ልመልሳቸው እሞክራለሁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የአገራችን መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ዓይነት ገንዘብ ሁሉ ታሪኩ እጅግ የሚያስደንቀው በ1825 በሩሲያ የተሠራው የቈስጠንጢኖስ ሩብል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ አሌክሳንደር በዚያ ዓመት በዲሴምበር 1 ቀን ከመናገሻ ከተማው ከፔተርስቡርግ እጅግ ርቆ በታጋንሮግ ሳለ ዐረፈ። አልጋውን የሚወርስ ልጅ አልነበረውምና፣ በሥርዓቱ መሠረት ዘውዱ በዋርሶ ለተቀመጠው ለታናሽ ወንድሙ ለቈስጠንጢኖስ የሚተላለፍ ነበር። ይሁን እንጂ ቈስጠንጢኖስ የመጀመሪያ ሚስቱን ፈትቶ አንዲት የፖላንድ ወይዘሮ ካገባ በኋላ፣ መንግሥቱን እንደማይፈልግ ለወንድሙ አስቀድሞ በደብዳቤ አስታውቆ ነበር፤ አሌክሳንደርም በ1823 ይህንኑ የሚያጸና ዐዋጅ አስጽፎ፣ በማኅተም አሽጎ፣ በሞስኮ ባለው በእመቤታችን የፍልሰታ ካቴድራል በመሠዊያው ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጓል። ምስጢሩን የሚያውቁት ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ስለዚህ የሞቱ ወሬ ፔተርስቡርግ በደረሰ ጊዜ ባለሥልጣኑና ሠራዊቱ ለቈስጠንጢኖስ የታማኝነት መሐላ ማሉ፤ ኋላ የነገሠው ታናሽ ወንድማቸው ኒቆላስ ራሱ ከማሉት አንዱ ነበር። በገንዘብ ሚኒስትሩ በካንክሪን ሥር ያለው የገንዘብ ማተሚያ ቤትም ለአዲሱ ንጉሥ ማኅተም ለመቅረጽ ተጣደፈ።

ብሩን ቀርቦ ለሚመለከተው ሰው፣ በአንድ ፊቱ ወደ ቀኝ የሚመለከት፣ አንገቱ ያልተሸፈነ፣ ጕንጩ ላይ ጢም ያለበት፣ አፍንጫው እንደ አባቱ እንደ ጳውሎስ አጠር ብሎ ወደ ላይ ያለ የጐልማሳ ራስ ይታያል፤ በዙሪያውም በእግዚአብሔር ጸጋ ቀዳማዊ ቈስጠንጢኖስ የመላው ሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የሚል ቃል ተጽፏል፤ በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር ተቀርጿል። ሥራው የችኰላ ቢሆንም ጕድለት አይገኝበትም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲደረግ ከዋርሶ የሚመጡት ደብዳቤዎች ቈስጠንጢኖስ ንጉሥ እንዳልሆነና ሊሆንም እንደማይፈቅድ ይናገሩ ነበር። በመጨረሻ በዲሴምበር 26 ቀን ኒቆላስ መንገሡ በተነገረ ጊዜ፣ ሁለተኛ አንምልም ያሉ ጭፍሮች የቈስጠንጢኖስን ስም እየጠሩ በሴኔት አደባባይ ተሰለፉ፤ ማታውንም በመድፍ ተበተኑ። የማተሚያው ቤት ሹማምንት የሠሩት ሥራ ከዐመፀኞቹ ጩኸት ጋር አንድ ሆኖ እንዳይቈጠርባቸው ሰግተው ሥራውን አቆሙ፤ የተጠናቀቁት አምስት ብሮችና ማኅተሞቹም በሣጥን ተዘግተው በሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት ከአምሳ ዓመት በላይ ተሰውረው ኖሩ።

በዚያ ብር ላይ በእግዚአብሔር ጸጋ ተብሎ የተጻፈው ሐሰት ነውን? እኔ በቀራጺው ላይ ልፈርድበት አልችልም፤ አገሩ ሁሉ በመስቀልና በወንጌል የማለበትን ነገር ነው የጻፈው። ነገር ግን ሊቃውንቶቻችን ጸጋ ነጻ ፈቃድን እንደማያስገድድ ያስተምራሉና፣ ተቀባዩ እንቢ ያለው ጸጋ እንዴት በስሙ ሊጻፍ ይችላል? እንግዲህ ይህ ብር የቈስጠንጢኖስን ፈቃድ አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ሌሎች ሰዎች በእርሱ ፈንታ የፈቀዱለትን ነው። እርሱ ግን በ1831 በቪቴብስክ በኮሌራ እስኪሞት ድረስ ያንን ዘውድ አንድ ቀን አልደፋም። በአደባባዩ የወደቁት ወታደሮች ለማይፈልገው ሰው ደማቸውን ማፍሰሳቸውን ሳስብ፣ ሳይጠየቅ በሰው ላይ ክብር መጫን ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ ይታየኛል፤ ብሩ ግን የማንንም ደም ሳያፈስ በሣጥን ገባ።

ከዚህ የተለየ፣ ለእኔም ይበልጥ የከበረ ሌላ መሐለቅ አለ። በእንግሊዝ አገር ቶማስ ሳይመን የሚባል፣ በጊዜው ወደር ያልተገኘለት ቀራጺ ነበረ። በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ፓርላማውንና ክሮምዌልን አገልግሏል፤ በ1660 ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋኑ በተመለሰ ጊዜ ግን፣ ንጉሡ በስደቱ ዘመን ያወቃቸውን ሮቲየ የተባሉትን የአንትወርፕ ወንድማማቾች መረጠ። ሳይመንም አልተሳደበም፣ ሸፍቶም አልሄደም፤ በ1663 በዕውቀቱ ሁሉ ተጠብቦ የንጉሡን መልክ በአንድ የብር ክራውን ላይ ቀረጸና አቀረበ። በዚያ ዘመን በብር ጠርዝ ላይ ፊደል የሚቀረጸው፣ ሌቦች ብሩን በመቀስ እየሸረፉ እንዳይሰርቁት ለመጠበቅ ነበር፤ ሳይመን ግን በዚያ በጠባቂው ቦታ፣ ከአንድ ስንዝር በማይበልጥ ጠባብ ክፈፍ ላይ፣ ወደ 160 የሚጠጉ ፊደላትን በሁለት መስመር ደርድሮ ልመናውን ጻፈበት። ልመናውም በአጭሩ፣ ንጉሡ ይህን የሙከራ ሥራ ከሆላንዱ ሰው (ከሮቲየ ማለቱ ነው) ሥራ ጋር እንዲያመዛዝንለት፣ የእርሱ ይበልጥ በእውነት የተነደፈ፣ ይበልጥ ባማረ ሥርዓት የተሰደረ፣ ይበልጥ በጥንቃቄ የተቀረጸ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነም ችግሩን እንዲያቀልለት የሚጠይቅ ነው።

መሐለቁን በጠረጴዛ ላይ ያኖረው ሰው የሚያየው የንጉሡን ፊት ብቻ ነው። የለማኙን ድምፅ ለማንበብ ብሩን አንሥቶ፣ በሁለት ጣት ይዞ፣ ቀስ እያሉ ማዞር ያስፈልጋል፤ ሲዞር ቃሉ እየተከተለ ይመጣል፤ ከፊደላቱም አንዱ እንኳ ጐብጦ ወይም ከመስመሩ ወጥቶ አይታይም። ንጉሡ ይህን ሥራ አይቶ ምን እንደ ተሰማው ልናገር አልችልም፤ ፍርዱን ግን አልለወጠም። ሳይመን ቸነፈር ሎንዶንን ባጠፋበት በ1665 ሞተ።

በዚህ ስፍራ አንባቢው ቸኩሎ፣ እነሆ የሳይመን ጸሎት ኋላ ተሰማ፤ ዛሬ የእርሱ ክራውን በጨረታ ላይ ከባላጋራው ሥራ በብዙ ዕጥፍ ይበልጣል፤ ይል ይሆናል። እኔ ይህን ማጽናናት አልቀበለውም። ሰውዬው የለመነው ሥራና እንጀራ ነው፤ የሚለምነውም በሕይወቱ ሳለ ነበር። ከሞተ በኋላ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል የተቈረጠ ዋጋ ለእርሱ መልስ ሊሆን አይችልም፤ የብርቅነትን ዋጋ የጽድቅ ዋጋ አድርጎ መቍጠር ሁለቱንም ማርከስ ነው። አንድ ነገር ጥቂት ሆኖ በመቅረቱ ይወደዳል፤ ጥቂት ሆኖ የቀረው ግን ተጥሎ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ገበያው የሚከፍለው ለሥራው መልካምነት ሳይሆን ለመጣሉ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሁሉም የናሙና ገንዘብ እንዲህ ያለ ኀዘን የለበትም። የእንግሊዙ ንጉሥ ስምንተኛው ኤድዋርድ በጃንዋሪ 1936 ነግሦ በዚያው ዓመት በዲሴምበር 11 ቀን መንግሥቱን በገዛ ፈቃዱ ሲተው፣ በ1937 ሊወጣ የነበረው ገንዘቡ በናሙና ቀረ፤ ስሙ የታተመባቸው በመካከላቸው ቀዳዳ ያላቸው ሳንቲሞች በምሥራቅ አፍሪካና በሌሎች ግዛቶች ቢዘዋወሩም መልኩ የለባቸውም። ነገሥታቱ እየተፈራረቁ ፊታቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያዞሩበትን ልማድ ጥሶ፣ እንደ አባቱ ወደ ግራ ካልሆነ ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ክርክሩን ረታ፣ ገንዘቡ ግን አልወጣም። በአሜሪካም የመዳብ ዋጋ በናረ ጊዜ የገንዘብ ማተሚያው ቤት 1974 የሚል ዓመት የተጻፈባቸውን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የአንድ ሳንቲም ፍሬዎች ከአሉሚኒየም አትሞ ነበር፤ ሐኪሞች ሕፃን ቢውጠው በራጅ በደንብ አይታይም ብለው ተቃወሙ፤ ሳንቲም ሲከተትባቸው ዕቃ የሚያወጡ መኪኖች ባለቤቶችም አጕረመረሙ፤ ኋላ የመዳብ ዋጋ ሲወርድ ያ ሁሉ ቀለጠ፤ ለምክር ቤት አባላት ለናሙና ከታደለው ውስጥ ግን ያልተመለሰ አለ። ለዚህኛው የሚያዝን ማንም የለም፤ ችግሩ ሲያልፍ መድኀኒቱ ተጣለ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ታትሞ መውጣት ብቻውን ገቢር እንደማይሆን የሚያስረዳ ምስክር አገኛለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ መልካቸውንና ባለ መስቀል ሰንደቅ የያዘውን አንበሳ የተሸከመውን ብር በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት አሠርተው በአገራችን አቈጣጠር 1887 ዓመተ ምሕረት የሚል አስጻፉበት። ቅርጹ ያማረ፣ ብሩም የጠራ ነበር። ሆኖም ባላገሩ የለመደው በ1780 የሞተችውን የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ነበርና፣ በዘውዷ ላይ ያሉትን የዕንቍ ፍሬዎች እየቈጠረ፣ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ አለመፋቁን እያረጋገጠ የሚቀበለው ያንኑ ነበር። በሩሲያ የነገሠ መስሎ ያልነገሠው ሰው ብር ከሣጥን ሳይወጣ ቀረ፤ በእኛ አገር አንዲት ቀን ያልነገሠችው፣ ሞታም የተቀበረችው ሴት ብር በየገበያው ጨው፣ ማርና ፈረስ ገዛ። የገንዘብ ገቢሩ የሚፈጸመው በሰጪው እጅ ሳይሆን በተቀባዩ እምነት ነው፤ ንጉሥም ቢሆን ይህን እምነት በዐዋጅ ሊያትመው አይችልም።

እንግዲህ በሌላ ሰው እንቢታ የተቋረጠ ሥራ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዴት ይቈጠራል? ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ነገር ዝም አላሉም። አብርሃም ቢላዋውን አንሥቶ ሳለ ከሰማይ ተከለከለ፤ ይስሐቅ አልተሠዋም፣ የአብርሃም መሥዋዕት ግን እንደ ተሠዋ ተቈጠረለት። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ በልቡ አሰበ፤ ደም አፍስሰሃልና አንተ አትሠራውም ተብሎ ተከለከለ፤ ሰሎሞን በቤተ መቅደሱ ምረቃ ቀን እንደ መሰከረው ግን ያ አሳብ በልቡ መኖሩ ብቻ መልካም ተብሎለታል። ደግሞም ዳዊት በአሳብ ብቻ አልቀረም፤ ወርቁን፣ ብሩንና ዝግባውን አከማችቶ፣ የመቅደሱንም አርአያ ለልጁ አስረክቦ ነው ያረፈው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ፈቃዱ ምሉዕ ሆኖ፣ ድካሙም ከበኩሉ ተፈጽሞ ሳለ ከውጭ በሆነ ነገር የተከለከለ ሥራ፣ በሠሪው ዘንድ ገቢር ነው። ለክፉም ቢሆን ሚዛኑ አንድ ነው፤ ባልንጀራውን ሊገድል ሰይፍ መዝዞ የሳተው ሰው እጁ ንጹሕ ነው አይባልም። በዚህ ሚዛን ሳይመን ከአብርሃምና ከዳዊት ጥላ ሥር ይቆማል፤ የኤድዋርድ ገንዘብ አይቆምም፣ ያቋረጠው የራሱ የባለቤቱ ሌላ ፈቃድ ነውና፤ የቈስጠንጢኖስ ሩብልም አይቆምም፣ ከመጀመሪያው የባለመልኩ ፈቃድ አልነበረበትምና።

አሁን ወደ ሰብሳቢው ልመለስ። መክሊቱን በመሬት ውስጥ የቀበረው ባሪያ ተወቅሷል፤ ብልና ዝገት በሚያጠፋበት ስፍራ መዝገብ ማከማቸትም ተነቅፏል። ይህ ተግሣጽ በሰብሳቢው ላይ አይደርስም አልልም፤ አንዲት ትንሽ ክብ ብር በሚሊዮን ስትሸጥ፣ የገዛትም ሰው በባንክ ካዝና ዘግቶባት ከዚያ በኋላ የሚያየው የዋጋዋን መውጣት ብቻ ሲሆን፣ የዚያ ሰው ኀጢአት የቀባሪው ባሪያ ኀጢአት ነው። ነገር ግን ገቢር ያላትን ገንዘብ መቅበርና ገቢር የተከለከለችን ገንዘብ ከእሳት ማዳን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከድኻ እጅ ይነጥቃል፤ ሁለተኛው ከማንም አይነጥቅም።

የተጣለውን ማኖርም አርአያ አለው፤ ሙሴ ከደብረ ሲና ይዟቸው የወረደው የመጀመሪያዎቹ ጽላት በተራራው ግርጌ ተሰበሩ። የተሰበሩት በራሳቸው ጕድለት አልነበረም፤ የተጻፉት በእግዚአብሔር ጣት ነውና ጕድለት ሊኖራቸው አይችልም፤ ሕዝቡ ሊቀበላቸው የተገባ ሆኖ ባለመገኘቱ ነው እንጂ። ለማንም ሳይነበቡ ቀሩ፤ በእነርሱም ፈንታ ሁለተኛዎቹ ተሰጡ። የአይሁድ ሊቃውንት በትውፊታቸው፣ የተሰበሩት ጽላት ስብርባሪ አልተጣለም፤ በታቦቱ ውስጥ ከጤነኞቹ ጽላት ጋር ተቀምጦ ነበር ይላሉ። ታቦትን የክብሩ ሁሉ መካከል ላደረገ እንደ እኛ ላለ ሕዝብ ይህ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ያልተነበበው ከተነበበው ጋር በአንድ ማደሪያ ቢኖር፣ የሚያፍርበትም ሆነ የሚቀናበት አይኖርም።

ሰብሳቢዎቹን በዚህ ትውፊት ብመዝናቸው ሁሉም በአንድ ልክ አይገኙም። አሜሪካዊው ዊልያም ውዲን በ1877 የተሠሩትን ሁለት ባለ አምሳ ዶላር የወርቅ ናሙናዎች በ1909 በሃያ ሺህ ዶላር ገዛቸው፤ የሕዝብ ሀብት በግል እጅ ገባ የሚል ጩኸት ሲነሣ ለመንግሥት መለሳቸው፤ በምትኩም ብዙ ሌላ የናሙና መሐለቅ ተቀበለ። ሁለቱ የወርቅ ፍሬዎች ዛሬ በዋሽንግተን በስሚሶንያን ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ የተቀበለውን ደግሞ ከኤድጋር አዳምስ ጋር ሆኖ መርምሮ በ1913 በመጽሐፍ ዘርዝሮ አሳተመ። ያ ሰው በ1933 የገንዘብ ሚኒስትር ነበር፤ በዚያ ዓመት ሕዝቡ የወርቅ ገንዘቡን ለመንግሥት እንዲያስረክብ ሲታዘዝም፣ ለሰብሳቢዎች ልዩ ዋጋ ያላቸው ብርቅ መሐለቆች ከትእዛዙ ተለይተው ቀርተዋል። ስለዚህ ከመቅለጥ የዳነው ቍጥሩ ቀላል አይደለም።

ከሩሲያ ነገሥታት ወገን የነበረው መስፍን ጊዮርጊስ ሚካኤሎቪች ደግሞ የአገሩን መሐለቅ በሙሉ ልቡ የሰበሰበ፣ የሰበሰበውንም ከነሰነዱ በብዙ ጥራዝ አሳትሞ ለሊቃውንት የሰጠ ሰው ነው። በ1919 በጃንዋሪ ወር አብዮተኞቹ በፔተርስቡርግ በጴጥሮስና ጳውሎስ ምሽግ ውስጥ በጥይት ገደሉት፤ ያ ምሽግ የገንዘብ ማተሚያው ቤት የሚገኝበት፣ ዕድሜውን ሁሉ ሲያጠናቸው የኖረው ብሮች የተመቱበት ቅጥር ነው። ስብስቡ ከአገር ወጥቶ ብዙው ክፍል ኋላ ወደ ስሚሶንያን ገባ፤ መጻሕፍቱ ግን አሁንም የዚህ ጥናት መሠረት ናቸው።

ለዚህ ነው ከሰብሳቢ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ የሆነው። ያልወጣን መሐለቅ ያገኘ ሰው፣ ከመሐለቁ ጋር ማን እንደ ቀረጸው፣ ማን እንዳዘዘው፣ ማንስ በምን ምክንያት እንደ ከለከለው ጽፎ ያኑር፤ የገዛበትን ዋጋ ባይጽፍ ግድ የለም። ይህ ጽሕፈት ከጠፋ የሳይመን ክራውን ውብ የብር ክብ ብቻ ይሆናል፤ በጠርዙ ላይ ያለውን ልመና ለማንበብ የሚያዞረውም ሰው ለማን እንደ ተለመነ አያውቅም።